ተገጣሚ ኢሲዩ ሲያስቸግር፦ ከሽቦው እስከ ማፑ

ሞተሩ ላይ ካምሻፍት ተቀይሯል። ትላልቅ ኢንጀክተሮች ገብተዋል። ምናልባት ቱርቦም ተጨምሯል። ከፋብሪካ የመጣው ኢሲዩ (ነዳጁንና እሳቱን የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር) ይህን ሁሉ አያውቅም። ስለዚህ በላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ የሚስተካከል ሌላ ኢሲዩ ተገጠመ። ሃልቴክ ይሁን፣ ሊንክ፣ ሞቴክ፣ ሜጋስኩዊርት ወይም ስፒዱዊኖ፣ የሜኑዎቹ ስም ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ጭንቀቱ የሚመጣው መኪናው አልነሳም ሲል፣ ሚኒሞ ላይ (ፔዳሉ ሳይረገጥ) ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም ጉልበት ሊሰጥ ሲል ሲቆራረጥ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ የነዳጅ ሠንጠረዡን መነካካት ይጀምራል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ማፕ፣ ማለትም ኢሲዩው ውስጥ ያለው የነዳጅና የማቀጣጠያ ሠንጠረዥ፣ የተበላሸ ሽቦን አይጠግንም። ለጊዜው ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ችግሩ በሌላ ቦታ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚወጣው ሞተሩ ከባድ ጭነት ላይ ሳለ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ራሱ ይታይ። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ፣ ሴንሰሮቹና ታይሚንጉ (ካንዴላው የሚያቀጣጥልበት ጊዜ)። የነዳጅ ማፑ ተራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አሁን ያለውን ማፕ ሴቭ አድርጉት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ለውጥ በአዲስ ስም አስቀምጡ፣ ምን እንደቀየራችሁም በአንድ መስመር ጻፉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ነገር ቀይራችሁ መኪናው ከተሻለው፣ የትኛው እንዳሻለው አታውቁም።

1. ሞተሩ ጤነኛ ነው?

እዚህ ብዙ አልቆይም፣ ግን አትዝለሉት። ኮምፕሬሽን ለኩ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ማፕ የምታወጡበት ሞተር የላችሁም። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ እዩ። ማኒፎልዱና ቱቦዎቹ የትም ቦታ አየር እንደማይስቡ በጭስ መሞከሪያ አረጋግጡ። ማርሚታው ከላምዳ ሴንሰሩ (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው) በፊት የሚያፈስ ከሆነ አሁኑኑ አስጠግኑት፤ ለምን እንደሆነ ነዳጁ ጋ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

2. ኤሌክትሪክና ማሳ

“ኢሲዩው ተበላሸ” ከሚባሉት ችግሮች ውስጥ በጣም ብዙዎቹ የማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር፣ ችግሮች ናቸው። ማሳ በዓይን አይታይም፣ ገመዱ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ይመስላል። ስለዚህ ይለካ።

ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱና የራዲያተር ፋኑ በርተው፣ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። ሌላውን ጫፍ የኢሲዩው የማሳ ፒን ላይ። የሚታየው ቮልቴጅ ከ0.1 ቮልት በታች መሆን አለበት። 0.3 ወይም 0.5 ካያችሁ ኢሲዩው የሚያነበው እያንዳንዱ ሴንሰር ሊሳሳት ይችላል። በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ አድርጉ፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ኢሲዩው የኃይል ፒን ድረስ ምን ያህል እንደሚጠፋ ለኩ። ኢሲዩው ኃይል ማግኘት ያለበት በራሱ ሪሌና ፊውዝ በኩል፣ በወፍራም ገመድ ነው። ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ሪሌውን ለመቀስቀስ ብቻ ነው የሚበቃው።

የሴንሰሮች ማሳ የተለየ ነገር ነው። ከኢሲዩው ራሱ የሚወጣ መስመር አለው፣ ሴንሰሮቹም ወደዚያው ይመለሳሉ። ከቦዲ ወይም ከሞተሩ ብረት ጋር በፍጹም አታገናኙት። ካገናኛችሁት ሞተሪኖውና ፋኑ የሚስቡት ጅረት የሴንሰሮቹን ንባብ ያናውጠዋል።

አሁን ሞተሪኖውን እያዞራችሁ የባትሪውን ቮልቴጅ በሎግ (ላፕቶፑ ከኢሲዩው በሚቀዳው መዝገብ) ያዙ። ጤነኛ ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.4 ያደርሰዋል። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ ከ9 በታች ከወረደ ኢሲዩው ጠፍቶ እንደገና ሊነሳ ይችላል። ላፕቶፑ ልክ ሞተሪኖው ሲጀምር ግንኙነቱ የሚቋረጥበት ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውንና ገመዶቹን ጠርጥሩ።

3. ሴንሰሮቹ እውነት ይናገራሉ?

ይህን በጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ አድርጉት። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። የውሃው ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት እርስ በርስ መቀራረብ አለባቸው፣ ከውጭው አየርም ጋር እንዲሁ። አንዱ 18 ሌላው 31 ዲግሪ ካለ የተመረጠው የሴንሰር ዓይነት ተሳስቷል። ከዜሮ በታች 40 ካሳየ መስመሩ ተቋርጧል። የማይታመን ከፍተኛ ሙቀት ካሳየ ደግሞ ሽቦው ማሳ ነክቷል።

ለምሳሌ በብዛት የሚገኘው የቦሽ የሙቀት ሴንሰር በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም ገደማ፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 190 ኦም ገደማ ነው። ሴንሰሩን ነቅላችሁ በኦም ለኩት፣ ከዚያ በኢሲዩው ውስጥ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩት።

የማፕ ሴንሰሩ፣ ማለትም የማኒፎልድ ግፊት የሚለካው (ከሠንጠረዡ ማፕ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው)፣ ሞተሩ ሳይነሳ የአካባቢውን የአየር ግፊት ማሳየት አለበት። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ወደ 76 ይወርዳል። የስልካችሁ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የሚያሳየው ግፊት ወደ ባሕር ወለል የተሰላ ስለሆነ ከፍታ ላይ ማነጻጸሪያ አይሆንም፣ እሱን አይታችሁ ሴንሰሩን እንዳታዛቡት።

የስሮትሉን ሴንሰር ከዜሮ እስከ መቶ ቀስ አድርጋችሁ እየረገጣችሁ እዩ። ቁጥሩ ሳይዘል መውጣት አለበት። መቶ የሚለውን በእጅ ሳይሆን በእግር ፔዳሉን ረግጣችሁ መዝግቡት፤ በእጅ የተከፈተ ስሮትል አንዳንዴ ፔዳሉ ከሚያደርሰው በላይ ይሄዳል።

ዋይድባንድ ላምዳ ሴንሰሩ በቮልቴጅ ገመድ ከኢሲዩው ጋር የተገናኘ ከሆነ ሁለቱ አንድ ቁጥር መናገራቸውን አረጋግጡ። የሴንሰሩ መቆጣጠሪያ 1.00 ሲል ኢሲዩው 0.96 ካለ፣ በሁለቱ ማሳ መካከል ልዩነት አለ። የሚቻል ከሆነ በካን (ዲጂታል የመረጃ) መስመር አገናኙት፣ ይህ ጣጣ ከነአካቴው ይቀራል። ሴንሰሩ ውሃ እንዳያቁርበት ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ቀና ብሎ ይታሰር። ቱርቦ ካለ ከቱርቦው በኋላ ይሁን። ኃይል ሳያገኝ ማርሚታው ውስጥ እንዲቀመጥም አታድርጉ፣ በጥላሸት ይበላሻል።

4. ትሪገርና ሲንክ

ይህ ክፍል የሥራው ልብ ነው። ኢሲዩው ክራንክሻፍቱ የት እንዳለ ካላወቀ፣ ማለትም ሲንክ ከሌለው፣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የሚያውቀው ጥርስ ባለው የብረት ጎማና ጥርሶቹን በሚቆጥር ሴንሰር ነው፤ ትሪገር የሚባለው ይህ ነው። 36 ጥርስ ኖሮት አንዱ የጎደለ፣ ወይም 60 ሆኖ ሁለቱ የጎደሉ ጎማ በብዛት ይገኛል። ጉድለቱ የመነሻ ምልክቱ ነው።

መጀመሪያ የነዳጅ ፓምፑንና ኢንጀክተሮቹን አጥፉ። ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ አዙሩና የሞተሩን ዙር በደቂቃ (አርፒኤም) እዩ። ከ150 እስከ 250 ባለው ውስጥ ጸንቶ መቆየት አለበት። አንዴ ዜሮ፣ አንዴ 900 የሚል ከሆነ ነዳጅ አትልቀቁ። ኢሲዩው የትሪገር ስኮፕ (የሴንሰሩን ምልክት በምስል የሚያሳይ) ካለው ምስሉን ያዙና የጎደለውን ጥርስ በዓይናችሁ ፈልጉት፤ ቆጠራው ከጎማው ጋር መግጠም አለበት።

ሴንሰሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ባለ ሁለት ሽቦው የማግኔት ሴንሰር ቮልቴጅ የሚያመነጨው በራሱ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ምልክቱም ይጨምራል። ባለ ሦስት ሽቦው የሆል ሴንሰር ደግሞ ኃይል ይፈልጋል፣ ምልክቱም በሁሉም ፍጥነት እኩል ነው። በማግኔቱ ዓይነት ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ከተያያዙ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ግን ታይሚንጉ ይንሸራተታል ወይም ከፍ ባለ ዙር ሲንክ ይጠፋል። ገልብጣችሁ ሞክሩና ሁለቱን ሎጎች አስተያዩ። በሆል ሴንሰር ላይ ግን ይህን እንዳታደርጉ፣ ይቃጠላል።

ሲንክ የሚጠፋው በከፍተኛ ዙር ብቻ ከሆነ የሚጠረጠሩት እነዚህ ናቸው፦ በሴንሰሩና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት (አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር)፣ የሚወላገድ ጎማ፣ የሚንቀጠቀጥ ማሰሪያ፣ እና ከቦቢናዎቹ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ። የሴንሰሩ ገመድ መከላከያ ሽፋን ያለው ይሁን፤ ሽፋኑ ማሳ የሚያገኘው በአንድ ጫፉ ብቻ፣ በኢሲዩው በኩል ነው። ካንዴላዎቹም ሬዚስተር ያላቸው መሆናቸውን እዩ። ሬዚስተር የሌለው ካንዴላ የሚፈጥረው ረብሻ ሰውን ለሳምንታት ማፕ ሊያስነካካ ይችላል።

5. ታይሚንግ በመብራት

ላፕቶፑ ላይ 15 ዲግሪ የሚል ቁጥር ቢታይ ሞተሩ ላይ 15 ዲግሪ ነው ማለት አይደለም። ይህን የሚያረጋግጠው ታይሚንግ ላይት ብቻ ነው። ያለዚህ እርምጃ የወጣን ማፕ እኔ አላምንም።

በመጀመሪያ ፑሊው ላይ ያለው ምልክት ራሱ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ፑሊዎች በሁለት ብረት መካከል ላስቲክ አላቸው፤ ላስቲኩ ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተታል። አንደኛውን ፒስቶን ጫፍ አድርሳችሁ ምልክቱን አመሳክሩ። ከዚያ ኢሲዩው ውስጥ ታይሚንጉን በ10 ወይም 15 ዲግሪ ቆልፉት። ኢንጀክተሮቹ እንደጠፉ ሞተሪኖውን እያዞራችሁ ምልክቱን በመብራቱ እዩ፣ የትሪገር ኦፍሴቱንም (በጎደለው ጥርስና በፒስቶኑ ጫፍ መካከል ያለውን የዲግሪ ልዩነት) እስኪገጥም አስተካክሉ።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይህን ድገሙት። አሁን ዙሩን እስከ 4,000 ድረስ ከፍ አድርጉ። የተቆለፈ ታይሚንግ መንቀሳቀስ የለበትም። ቀስ በቀስ እየዘገየ ከሄደ በምልክቱ መንገድ ላይ መዘግየት አለ፣ ኢሲዩው ለዚህ ማካካሻ ቦታ አለው። በአንዴ ከዘለለ ግን ስንት ዲግሪ እንደዘለለ ተመልከቱ። በ36 ጥርስ ጎማ ላይ አንድ ጥርስ 10 ዲግሪ ነው፣ በ60 ጥርስ ላይ 6 ዲግሪ። ዝላዩ ከእነዚህ ጋር ከገጠመ ኢሲዩው የጥርስ ቆጠራ እየሳተ ነው፣ ወደ 4ኛው ደረጃ ተመለሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአንድ ዑደት ሁለቴ የሚያቀጣጥል አሠራር ከሆነ፣ ዲግሪ የሚደወልበት ታይሚንግ ላይት እጥፍ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። መብራቱን ዜሮ ላይ አድርጉና በፑሊው ምልክት አንብቡ። ሞተሩ ለመነሳት ሲሞክር በማኒፎልዱ በኩል የሚተኩስ ከሆነ ደግሞ የማቀጣጠያ ቅደም ተከተሉን ወይም የካም ሲንኩን (የካምሻፍቱን ቦታ የሚነግረውን ምልክት) ጠርጥሩ፤ አንድ ሙሉ ዙር ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የቦቢናዎቹን ቅደም ተከተል በኢሲዩው የሙከራ ሜኑ አንድ በአንድ እያስነሳችሁ አረጋግጡ። ኢንጀክተሮቹንም እንዲሁ፣ ግን ፓምፑ ጠፍቶና በመስመሩ ያለው ግፊት ወጥቶ ይሁን። አለዚያ ሲሊንደሩ በቤንዚን ይሞላል፣ ሞተሪኖው ሲዞርም የፒስቶን ክንድ ሊጣመም ይችላል።

6. ኢንጀክተር፦ ቁጥሩን አትገምቱ

ኢሲዩው ምን ያህል ነዳጅ እንደሚሰጥ የሚያሰላው እናንተ ከምትነግሩት የኢንጀክተር ቁጥር ተነስቶ ነው። ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉታል፦ በደቂቃ የሚያፈሰው መጠንና ለመከፈት የሚፈጅበት ጊዜ፣ ማለትም ዴድ ታይም።

የፍሰቱ መጠን ሁልጊዜ ከግፊት ጋር ይነገራል። በ3 ባር 550 ሲሲ የሚያፈስ ኢንጀክተር በ4 ባር ወደ 635 ሲሲ ይሆናል፤ ፍሰቱ የሚያድገው በግፊቱ ካሬ ሥር ነው። ስለዚህ የነዳጅ ግፊቱን በጌጅ ለኩ። ሬጉሌተሩ ከማኒፎልዱ ጋር በቱቦ የተገናኘ ከሆነ መነሻ ግፊቱ የሚለካው ቱቦው ተነቅሎ ነው። ቱርቦው 1 ባር ሲሰጥ የነዳጁም ግፊት በ1 ባር መጨመር አለበት። ካልጨመረ ፓምፑ አቅም አጥሮታል፣ ወይም ፊልተሩ ተደፍኗል።

ዴድ ታይም ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው ነው። እስቲ ሒሳቡን እዩት። ሚኒሞ ላይ ኢንጀክተሩ 2 ሚሊሰከንድ ይከፈታል እንበል፣ ከዚህ ውስጥ 1ዱ ለመከፈት ብቻ ያልፋል። ነዳጅ የሚፈስበት 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ዴድ ታይሙ በ0.2 ከተሳሳተ ስህተቱ 20 በመቶ ነው። ሙሉ ጭነት ላይ 12 ሚሊሰከንድ ሲከፈት ግን ያው 0.2 ከ2 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ የዴድ ታይም ስህተት ከላይ አይታይም፣ ከታች ግን ሚኒሞውን ያምሳል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሳለ፣ የላምዳ ማረሚያውን አጥፉ። ከዚያ መብራትና ፋን አብሩ። ቮልቴጁ ሲወርድ ኢንጀክተሩ ለመከፈት ይዘገያል። ላምዳው ከቮልቴጁ ጋር አብሮ ከተንሸራተተ የዴድ ታይም ሠንጠረዡ ትክክል አይደለም። ነዳጅ እያነሰ ከሄደ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለውን ቁጥር ጨምሩ፣ እየበዛ ከሄደ ቀንሱ። የኢንጀክተሩ አምራች ያወጣው ሠንጠረዥ ካለ ከዚያ ተነሱ።

7. የነዳጅ ማፑ

አሁን ወደ ማፑ ደርሰናል። ይህን ሥራ ዳይኖ (መኪናው ባለበት ቆሞ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን) ላይ አድርጉት። ዳይኖ ከሌለ ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ ሜዳ፣ አንድ ሰው እየነዳ ሌላው ላፕቶፑን እያየ ይሁን። እየነዱ ስክሪን ማየት ሰው ይገድላል። እሳት ማጥፊያም አጠገባችሁ ይኑር።

ግቡን በላምዳ አስቀምጡ። ላምዳ 1.00 ማለት ነዳጁም አየሩም ተመጣጥነው የሚያልቁበት ነው፤ ለቤንዚን 14.7 ለ1፣ ለኢ85 (ኢታኖል ለሚበዛበት ነዳጅ) ግን 9.8 ለ1 ገደማ። በላምዳ ከሠራችሁ ነዳጁ ቢቀየርም ግቡ አይምታታም። የእኔ መነሻ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ሚኒሞና ቀላል ጉዞ ላይ 1.00 አካባቢ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ ከ0.86 እስከ 0.90፣ ቱርቦ ያለው ከ0.78 እስከ 0.82። ትልቅ ካምሻፍት ያለው ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ1.00 ትንሽ ነዳጅ የበዛበትን ይወዳል፣ ልታስገድዱት አትሞክሩ።

ውሃው 80 ዲግሪ ካለፈ በኋላ የላምዳ ማረሚያውንና የፍጥነት መጨመሪያ ነዳጁን (ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ የሚጨመረውን) አጥፉ። ዳይኖው ዙሩን ይዞ እንዲቆይ አድርጉና ከዝቅተኛ ጭነት ጀምራችሁ ሴል በሴል (በሠንጠረዡ ሳጥን በሳጥን) ሂዱ። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ጋዙ ከሲሊንደሩ ወጥቶ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ አዲሱ ቁጥር እኩል ይሆናል የድሮው ቁጥር ሲባዛ በተለካው ላምዳ፣ ሲካፈል ለግቡ። በሴሉ 62 ቢኖርና 0.95 ለክታችሁ ግባችሁ 0.88 ቢሆን፣ 62 በ0.95 ተባዝቶ ለ0.88 ሲካፈል 67 ይመጣል።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ በሦስት አቅጣጫ ምስሉ እዩት። እንደ ኮረብታ ለስላሳ ሆኖ መውጣትና መውረድ አለበት። አንድ ሴል ብቻውን እንደ ጉቶ ቀና ካለ ሞተሩ ያንን አልጠየቀም። ወይ ሎጉ ላይ የተሳሳተ ንባብ አለ፣ ወይ የሆነ ነገር እያመለጠ ነው። ለስላሳ ማድረጊያውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ።

እዚህ ጋ ላምዳ ሴንሰሩን በጭፍን ማመን አደጋ አለው። ሴንሰሩ የሚለካው ኦክስጅን ነው። የማርሚታ ቀዳዳ አየር ካስገባ “ነዳጅ አነሰ” ይላል። ካንዴላ ካላቀጣጠለም ያልተቃጠለው ኦክስጅን ሁሉ ስለሚወጣ እንዲሁ “ነዳጅ አነሰ” ይላል። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ማርሚታው ጥሬ ቤንዚን እየሸተተ ላምዳው 1.20 ካሳየ ነዳጅ አትጨምሩ፣ ካንዴላውንና ቦቢናውን እዩ። ነዳጅ በጨመራችሁ ቁጥር ካንዴላው ይበልጥ ይረጥባል።

ሌላም የሚታይ ቁጥር አለ፦ ኢንጀክተሩ በእያንዳንዱ ዑደት ክፍት የሚሆንበት መቶኛ። 85 በመቶ ላይ ቁሙ። ከዚያ በላይ ከሄደ ትልቅ ኢንጀክተር ወይም ያነሰ ቡስት (ቱርቦው የሚሰጠው ግፊት) ያስፈልጋል።

8. የማቀጣጠያ ማፕና ቡስት

ነዳጅ ሲበዛ ሞተር ይደክማል፤ ታይሚንግ ሲበዛ ግን ፒስቶን ይሰበራል። ስለዚህ ዝቅ ካለ፣ ከሚታመን መነሻ ጀምሩ። ዳይኖው ላይ አንድን ዙርና ጭነት ይዛችሁ ታይሚንጉን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ አስቀድሙ፣ የጉልበቱን ለውጥ እዩ። ጭማሪው እያነሰ መሄድ ሲጀምር አቁሙ። ጉልበት የማይጨምር ዲግሪ ሙቀትና ጫና ብቻ ነው የሚጨምረው።

ብዙ የቱርቦ ሞተሮች ግን እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ኖክ ያደርጋሉ፣ ማለትም ነዳጁ ሲሊንደሩ ውስጥ በራሱ ይፈነዳል። ኖክ መኖሩን ያለ መሣሪያ አትፍረዱ፣ በማርሚታ ጩኸት ውስጥ አይሰማም። የኖክ ሴንሰሩ የሚያዳምጠውን ድምፅ ከሲሊንደሩ ስፋት ማስላት ይቻላል፦ 1,800 ለፓይና ለሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር ብዜት ሲካፈል በኪሎኸርትዝ ይወጣል። ለ86 ሚሊሜትር 6.7 ገደማ ነው። ኖክ በታየበት ሴልና በዙሪያው ካሉት ሴሎች ሁሉ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀንሱ። የሚገባው አየር ሲሞቅ ታይሚንግ የሚቀንሰውን ሠንጠረዥም ሙሉት፤ በቀዝቃዛ አየር የወጣ ማፕ በትኩስ ቀን ሌላ ሞተር ነው የሚያጋጥመው።

ቡስትን በመቆጣጠሪያው አትጀምሩ። ሶለኖይዱን ነቅላችሁ በዌስትጌቱ (የቱርቦውን ግፊት በሚገድበው ቫልቭ) ስፕሪንግ ብቻ ምን ያህል እንደሚሰጥ እወቁ። ያ ዝቅተኛው ቡስታችሁ ነው፤ ማፑን በእሱ ላይ ጨርሳችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከዚያ በፊት ግን የቡስት ገደቡን አስቀምጡ።

ቡስት ሲመጣ ጉልበቱ ድንገት የሚቆራረጥና ላምዳው በቅጽበት ወደላይ የሚወረወር ከሆነ እሳቱ እየጠፋ ነው። የካንዴላውን ክፍተት ወደ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊሜትር አጥብቡት። ካልበቃ የቦቢናውን የመሙያ ጊዜ አምራቹ ከጻፈው ጋር አመሳክሩ። ከተጻፈው በላይ አትጨምሩ፣ ቦቢናው ይነድዳል።

መከላከያዎቹንም አሁን አብሩ። ጭነት ላይ ላምዳው ከግቡ በጣም ከራቀ፣ የዘይት ግፊት ከዙሩ ጋር ሲነጻጸር ካነሰ፣ የነዳጅ ግፊት ከወደቀ፣ ወይም ውሃው ከፈላ ኢሲዩው ሞተሩን ይቁረጥ። ከዚያ ገደቡን ለጊዜው ዝቅ አድርጋችሁ በትክክል መቁረጡን ሞክሩት። ያልተሞከረ መከላከያ እንደሌለ ቁጠሩት።

9. ሚኒሞ፣ ሙቅ መነሻና ቀዝቃዛ ጠዋት

ሚኒሞው ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋልል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለት ማረሚያዎች እየተጣሉ ነው፦ ላምዳን የሚያርመውና ዙርን የሚያርመው። ሁለቱንም አጥፉ። በሚኒሞ ዙሪያ ያሉትን የነዳጅ ሴሎች ተቀራራቢ አድርጓቸው። ታይሚንጉን ከ10 እስከ 15 ባለው ውስጥ አስቀምጡ፣ ከዚያ ዙሩ ሲወርድ ጥቂት ዲግሪ እንዲቀድም፣ ሲወጣ እንዲዘገይ አድርጉ። ሞተሩ በዚህ ብቻ ራሱን መያዝ ይጀምራል። ሲረጋ ማረሚያዎቹን አንድ በአንድ መልሱ።

ሙቅ ሞተር ጠፍቶ ትንሽ ቆይቶ ሲነሳ የሚንገዳገድ ከሆነ የአየር ሙቀት ሴንሰሩን እዩ። በጋለው ማኒፎልድ ላይ ተቀምጦ የብረቱን ሙቀት ያነባል፤ ኢሲዩው አየሩ ሳስቷል ብሎ ነዳጅ ይቀንሳል። ሴንሰሩን ወደ ቀዝቃዛው ቱቦ አዛውሩት፣ ወይም በዝቅተኛ ጭነት የአየር ሙቀት ማረሚያውን አለዝቡት።

ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ የሚያስገባውን ተጨማሪ ነዳጅ የምናስተካክለው ዋናው ማፕ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከነካችሁት የማፑን ስህተት ይሸፍንላችኋል፣ በኋላም ሁለቱንም ትፈታላችሁ። ከቋሚ ዙር ፔዳሉን በድንገት ርገጡ፣ ሎጉን እዩ። ላምዳው ለቅጽበት ወደላይ ዘልሎ ከተመለሰ ጨምሩ። ወደታች ወርዶ ጥቁር ጭስ ከታየ ቀንሱ።

ቀዝቃዛ መነሻ የመጨረሻው ነው፣ ትዕግሥት የሚጠይቀውም እሱ ነው። ሞተሩ በትክክል የሚቀዘቅዘው በቀን አንዴ ነው፣ ስለዚህ በቀን አንድ ሙከራ ብቻ አላችሁ። ከመነሳቱ በፊት ሎጉን ጀምሩ። ሦስት ሠንጠረዦች በየተራ ይሠራሉ፦ ሞተሪኖው ሲዞር የሚሰጠው ነዳጅ፣ ከተነሳ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች የሚጨመረው፣ እና ውሃው እስኪሞቅ የሚቆየው። ሎጉ ላይ የትኛው ሰዓት ላይ እንደተንገዳገደ እዩና የዚያን ሰዓት ሠንጠረዥ ብቻ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ብቻ ቀይሩ። ብዙ ከዞረ በኋላ ቤንዚን እየሸተተ የሚነሳ ከሆነ የሞተሪኖውን ነዳጅ ቀንሱ። ወዲያው ተነስቶ ከሦስት አራት ሰከንድ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሁለተኛውን ጨምሩ። ከተነሳ በኋላ እየሞቀ ሳለ ላምዳው እየተንሸራተተ ከሄደ ሦስተኛው ነው። ሴቭ አድርጉ፣ ሙቀቱን ከፋይሉ ስም ጋር ጻፉ፣ ለነገ ጠዋት አቆዩት።